«ጦሩ ይቆይ» ይል የነበረው ፈሪ መምህር

ጋሽ በራሶ ማረፉን የነገረችኝ የቀድሞ ተማሪያችን ዝናሽ ናት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሐዋሳ ቤቴ ሆኜ ልብስ እየተኮስኩ ነበር። ስልኩን ሳነሳ ሰላም እንኳን አላለችኝም። «ቲቸር፣ ጋሽ በራሶ አረፉ» አለችኝ።  ቀብሩ በማግሥቱ ኢዲዶ እንደሆነ፣ ከይርጋጨፌ ወደ ላይ የሚወጣውን መንገድ ዝናብ ስላበላሸው በሞተር ሳይክል መሄድ እንደሚኖርብኝ ነገረችኝ። ካውያውን ነቅዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው ጥያቄ «ፈርቶ ይሆን?» የሚል ነበር። ያን ሰው ለሚያውቅ ይህ ክፉ ጥያቄ አይደለም።

ዲላ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብረን አስተምረናል። እኔ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የተመደብኩ የጂኦግራፊ መምህርት ነበርኩ። እሱ ሲቪክስ ያስተምራል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄድ አንገቱን ከእግሩ የሚያስቀድም፣ በጋም ክረምትም ጥቁር ጃንጥላ ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር። ተወልዶ ያደገው ባንኮ ጎቲቲ ነው፤ አፉን የፈታው በጌዴኦኛ ነው። ሲረጋጋ አማርኛው እንደ መጽሐፍ የተስተካከለ ነው፤ ሲደነግጥ ግን ወንድና ሴት ይቀላቀሉበታል። እኔን «አንተ» ካለኝ አንድ ነገር እንዳስደነገጠው አውቃለሁ። እኔም በዕድሜ አባቴ ቢሆንም «አንተ» ነበር የምለው፤ እሱ ራሱ ነው የለመነኝ። «አንቱ ስትይኝ የተጣላን ይመስለኛል» ይል ነበር።

ውሻ ይፈራል። መብረቅ ይፈራል። ድልድይ ሲሻገር ወደ ታች አያይም። የመምህራን ስብሰባ ሲኖር ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ ወንበር ከሌለ ይቆማል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። በር በኃይል ሲዘጋ «ኧረ!» ስለሚል ተማሪዎቹ «ቲቸር ኧረ» ብለው ስም አውጥተውለት ነበር። ያውቃል። ቅር አይለውም። «እኔ ፈሪ ነኝ» ይል ነበር፣ ሌላው ሰው «እኔ ጉራጌ ነኝ» ወይም «እኔ ሙስሊም ነኝ» በሚልበት ድምፅ። ክፍል ውስጥም ይለው ነበር። «ፍርሃት ያለበት ሰው ስለ ሕግ ማወቅ አለበት» ብሎ ነበር የሲቪክስን ትምህርት የሚጀምረው።

በወጣትነቱ ሚሊሺያ ሆኖ ምሥራቅ ዘምቷል፤ የሶማሊያ ጦር አገራችን ገብቶ በነበረበት ዘመን ማለት ነው። ስለ ውጊያው ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ያወራልኝ ስለ አንድ ቤት ብቻ ነው። ሰዎቹ ሸሽተው የወጡበት መንደር ገብተው፣ እሱ አንዱን ቤት ሲከፍት ድስቱ ምድጃ ላይ እንደተጣደ ነው፤ ወጡ አርሮ ይጨሳል። አንድ የሕፃን ጫማ ደጃፉ ላይ ወድቋል። ሰው ግን የለም። «ጦርነት ማለት ለእኔ ያ ድስት ነው» አለኝ። «ከዚያ ወዲህ ያው ነኝ።»

እንግዲህ ይህ ሰው ነው፣ ከመምህራኑ ሁሉ ተለይቶ፣ ጦራችን ሶማሊያ ይቆይ የሚለው።

ጊዜው ሚሌኒየሙ ሊገባ ወራት የቀሩበት ነበር። ጦሩ ድንበር ተሻግሮ ገብቷል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የወታደር መኪኖች ተከታትለው በዲላ አልፈው ወደ ደቡብ ሲወርዱ፣ ልጆቹ ከክፍል ወጥተው አስፋልቱ ዳር ተሰለፉና እጃቸውን ያወዛውዙ ጀመር። ሸራ ከለበሱት መኪኖች ኋላ ወጣት ወታደሮች ይታያሉ፤ አንዳንዶቹ ከተማሪዎቻችን ብዙም አይበልጡም። ጋሽ በራሶ አጠገቤ ቆሞ ጃንጥላውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል። እጁን አላወዛወዘም። የመጨረሻው መኪና እስኪያልፍ በእያንዳንዱ ፊት ሰው እየፈለገ ሲያይ ነበር።

በሻይ ሰዓት የሒሳብ መምህሩ መስፍን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሰው አገር ምን እንሠራለን፣ የእነሱን ችግር እነሱ ይፍቱ አለ። በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር ስለዚህ ነገር የሚያወራው፤ የሚደግፈውም ጭምር። ጋሽ በራሶ ከበሩ አጠገብ ሆኖ መለሰለት። መንግሥት የሌለው ጎረቤት እንቅልፍ እንደሚነሳ፣ እዚያ ያልተያዘ እሳት አንድ ቀን ሐዋሳም ዲላም እንደሚደርስ፣ አገር የራሱን ጥቅም ካልጠበቀ ማንም እንደማይጠብቅለት ተናገረ። መስፍን የሰው ደጅ ላይ ቆሞ ጥቅሜን እየጠበቅኩ ነው ማለት እንደማይዋጥለት ሲነግረው፣ ጋሽ በራሶ ኩባዎቹን አነሳ። ያኔ ምሥራቅ ግንባር ላይ ኩባዎች ባይደርሱ ዛሬ እዚህ ቆሞ ሻይ እንደማይጠጣ ተናገረ። የሰው አገር ወታደር በእኛ መሬት ተኝቷል፤ እሱም አመስግኗል።

«እስኪሄዱ ግን ቸኩለህ ነበር» አለው መስፍን።

 «አዎ፣ ቸኩዬ ነበር» አለ ጋሽ በራሶ። እውነት ሲነገረው መካድ የማይችል ሰው ነበር፤ ክርክር የሚሸነፈውም በዚሁ ነው።

መኪኖቹ ሲያልፉ በየፊቱ ይፈልግ የነበረው ማንን እንደሆነ ያወቅኩት ከሳምንታት በኋላ ነው። ከትምህርት ቤት አብረን ስንመለስ ዝናብ ያዘንና አንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለልን። ስልኩ ጮኸ። ከኪሱ አውጥቶ አየው፤ የማያውቀው ቁጥር ነው። ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋና፣ «ሰብለ፣ አንተ አንሳልኝ» አለኝ።

አነሳሁት። ባንኮ ጎቲቲ ያለው የአጎቱ ልጅ ነው፤ ከጎረቤት ስልክ ነው የሚደውለው፤ የቡናው ለቀማ መቼ ይጀመር የሚል ነበር። ለጋሽ በራሶ ስነግረው ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ነገረኝ። ምሕረት የምትባል አንዲት ልጅ አለችው። እናቷ የሞተችው ገና ስትድህ ነው፤ አዝሎ ያሳደጋት እሱ ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ፣ እሱን ሳታማክር ተመዝግባ ውትድርና ገባች፤ የሕክምና ረዳት ሆነች። አሁን ሶማሊያ ናት። ስልክ በጮኸ ቁጥር የእሷ መርዶ የመጣ ይመስለዋል።

እንዲህ እየፈራ እንዴት ጦሩ ይቆይ እንደሚል ጠየቅኩት። የሱቁ ባለቤት ሬዲዮ ከፍቶ ነበር፤ ጋሽ በራሶ ወደዚያ አየና ድምፁን ቀነሰ።

«የእኔ ልጅ እዚያ ስለሆነች ሐሳቤን ብለውጥ፣ የሌላው ሰው ልጅ እያለ ይቆይ ስል የነበረው ምን ሊባል ነው?» አለኝ።

ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

የክርክር ክበቡን የሚመራው እሱ ነበር። በዚያ ዓመት ያወጣው ርዕስ ግን ዳይሬክተራችንን አስደነገጠው፤ የአገር ጥቅም እስካለ ድረስ ጦርን በሰው አገር ማቆየት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚል። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ የቀለደ መስሎት ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁን ትቶ፣ ሌላ ርዕስ ጠፍቶ ነው ወይ አለው። አንተም ብትሆን ይቆይ ባይ ነህ፣ ታዲያ ክርክሩ ለምን አስፈለገ ብሎም ጠየቀው። ጋሽ በራሶ ጃንጥላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እያዛወረ፣ የሚያምንበትን ነገር ሰው ካልጠየቀው ትክክል ይሁን ስህተት በምን እንደሚያውቅ ጠየቀው። ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ኃላፊነቱን ራስህ ትወስዳለህ ብሎ ፈቀደ።

ጋሽ በራሶ አንድ ልማድ ነበረው፤ ተማሪ ሁልጊዜ የማያምንበትን ወገን ይዞ እንዲከራከር ያደርጋል። እጅ አውጡ ብሎ ጠየቀ። ዝናሽ «ይውጣ» በሚለው እጇን ስላወጣች «ይቆይ» የሚለውን ሰጣት። የዱመርሶ ልጅ ናት፤ ዲላ አክስቷ ዘንድ ሆና ነው የምትማረው። ዝምተኛ ነበረች፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ይበልጥ ዝም ብላለች። ለምን እንደሆነ የጠየቃት የለም። ንግግሯን አብሯት ያዘጋጀው እሱ ነው፤ ያለውን ሐሳብ ሁሉ ሰጣት።

የክርክሩ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ቦታ ያጡት በመስኮት ይመለከታሉ። ከመስኮቶቹ በአንዱ ላይ ግራጫ ጃኬት የለበሰ፣ ማናችንም የማናውቀው ሰው ክንዱን አስደግፎ ቆሟል። እስከ ዛሬ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ልጁን ሊጠይቅ የመጣ ወላጅ ይሆናል። በዚያ ዘመን ግን የማናውቀው ሰው ሁሉ ወላጅ አይመስለንም ነበር። መስፍን ክርኔን ነክቶ ሰውየውን በዓይኑ አሳየኝ። ጋሽ በራሶም አይቶታል።

ዝናሽ ተነሥታ ተናገረች። እንዲህ ያለ አንደበት እንዳላት አላውቅም ነበር። የዱመርሶ ቡና ወደብ ደርሶ የሚሸጠው መንገዱ ሰላም ሲሆን ነው አለች። መንግሥት የሌለበት አገር አጠገብ የሚኖር ሕዝብ ልጁን ገበያ ልኮ እንደማይረጋጋ፣ ወታደር ከደጅ ርቆ መቆሙ ጦርነትን ከቤት ማራቅ እንደሆነ አስረዳች። ተማሪው አጨበጨበላት። እሷ ግን አልተቀመጠችም። ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠረጴዛውን እያየች ቆመች።

«ይህን ሁሉ ያልኩት ቲቸር ይህን ወገን ያዢ ስላሉኝ ነው» አለች። «ወንድሜ እዚያ ሞቷል። የነገረን አብሮት የነበረ ጓደኛው ነው፤ ከእኔ ሰማን እንዳትሉ ብሎናል። ስለዚህ ቤታችን ድንኳን አልተጣለም። እናቴ ማልቀስ ስትፈልግ ጓሮ እንሰቱ ውስጥ ትገባለች።»

 ብዙዎቹ ልጆች ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል። መስኮት ላይ የነበሩት አንድ በአንድ ዘወር አሉ፤ ግራጫ ጃኬት የለበሰው ግን አልተንቀሳቀሰም።

ዝናሽ ወደ ጋሽ በራሶ ዞረች። «ቲቸር፣ የእርስዎ ልጅ ብትሆንስ ይቆይ ይላሉ?»

ከመቀመጫው ሲነሳ ጃንጥላው ወደቀ። አላነሳውም። 

«እዚያ ናት» አለ። «አንድ ልጅ ነው ያለኝ፤ እዚያ ናት። ይቆይ እላለሁ። ቀኑን ሙሉም እፈራለሁ። አንዱ አንዱን አያጠፋውም። ወንድምህን ነፍሱን ይማር፤ እኔ አላወቅኩም ነበር። ተቀመጥ ልጄ።»

ዝናሽን «ተቀመጥ» ሲላት ማንም አልሳቀም።

ክርክሩ ያለ አሸናፊ ተበተነ። ጋሽ በራሶ እስከ አጥሩ ድረስ በእግሩ ሄደና ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።  አስፋልቱ ላይ ሰዎች እንደ ወትሮው ይሄዳሉ፣ ባጃጆች ጡሩምባ ይነፋሉ። እሱ ግን እያንዳንዱን ሰው ወደ እሱ የሚመጣ ይመስል እያየ ነበር።

በማግሥቱ፣ ዓርብ፣ ሁለት እንግዶች ዳይሬክተሩ ቢሮ መጡ። ከየት እንደመጡ አልተነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ጋሽ በራሶ ተጠራ። ብዙ ቆይቶ ሲወጣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። አልጮኹበትም፤ ውኃ እንኳን አቅርበውለታል። የጠየቁት አንድ ነገር ነው። ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል፣ በተማሪው ሁሉ ፊት፣ ልጅቷ የተናገረችው ሐሰት እንደሆነ፣ ጠላት የሚያስወራውን ወሬ እንደደገመች እንዲናገር። እሱ ራሱ ጦሩን የሚደግፍ ሰው ስለሆነ ይህ እንደማይከብደው ነግረውታል።

ቅዳሜ ቤቱ እንድመጣ ለመነኝ፤ ብቻውን መቀመጥ አልቻለም። መጋረጃውን ዘግቶ በቀን ጨለማ ውስጥ ነበር። የጓሮው በር ሲንኳኳ ሁለታችንም ዘለልን። የዝናሽ እናት ናት። ከዱመርሶ በእግሯና በመኪና መጥታ ነው፤ ነጠላዋ እስከ ወገቧ ጭቃ ነክቶታል። በጌዴኦኛ ነበር የምትናገረው። ጋሽ በራሶ እየተረጎመ፣ አንዳንዴም መተርጎም እየተወ አዳመጣት። ልጇ ዋሽታለች ቢባል ቅር እንደማይላት፣ የሞተው አንዴ ሞቷል፣ የቀረችውን አድንልኝ እያለችው ነበር። ስትወጣ እግሩን ልትይዝ ጎንበስ ስትል፣ እሱም አብሯት ጎንበስ አለ፤ ግንባራቸው ሊጋጭ ምንም አልቀረው።

«እናትየውም እንድዋሽ ነው የምትፈልገው» አለኝ ከሄደች በኋላ። «ሁሉም ሰው የሚፈልገው ያንን ነው። እኔም እፈልጋለሁ።»

ምሳ አልበላም። እኔ የምክር ዕድሜ አልነበረኝም። እስኪመሽ አብሬው ተቀመጥኩ።

ሰኞ ጠዋት ጭጋግ ነበር። ሰንደቁ ከተሰቀለ በኋላ ዳይሬክተሩ ስሙን ጠራ። ሁለቱ እንግዶች ከመምህራኑ ጀርባ ቆመዋል። ዝናሽ ከሰልፉ መሐል ናት፤ ዙሪያዋ ያሉት ልጆች ትንሽ ትንሽ ራቅ ብለው ቆመዋል። ጋሽ በራሶ ወደ ፊት ወጣ። የሰንደቁን ዘንግ በግራ እጁ ያዘ።

«እኔ ጦሩ ይቆይ ባይ ነኝ» አለ። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ከኋላ ያሉት ለመስማት አንገታቸውን አሰገጉ። «ለአገራችን ጥቅም ነው ብዬ አምናለሁ። ከዝናሽ ጋር በዚህ አንስማማም። ዛሬ ዋሽታለች በል ተብዬ ነው የወጣሁት። አልዋሸችም። የወንድሟን ሞት ነው የተናገረችው። አገር የሚጠቅም ነገር የአንድ ልጅ እውነት ሲነገር የሚፈርስ ከሆነ፣ እኔ የደገፍኩት ያንን አይደለም። ወደ ክፍል ግቡ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ዳይሬክተሩ ፊሽካውን ሲነፋ ነው ሰልፉ የተበተነው። ጋሽ በራሶ ዘንጉን ለመልቀቅ ጊዜ ወሰደበት። መስፍን ሄዶ ክንዱን ደግፎ ወደ ክፍሉ አስገባው፤ ጋሽ በራሶም እንደ ወትሮው ስለ ምርጫ ሕግ አስተማረ።

የሚያስፈራው ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ ነው፤ ምንም ነገር አልመጣምና። እሱ ግን ጠበቀ። ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛ ነበር። ቡና ቤት ሲገባ የሚያውቁት ሰዎች ጨዋታቸውን ያቋርጣሉ፤ አንዳንዱ ደግሞ ሒሳቡን ሳይታይ ይከፍልለትና ይወጣል። ዝናሽን ማንም አልነካትም፤ ፈተናዋን ወስዳ አለፈች። ዓመቱ ሲያልቅ ጋሽ በራሶ ኢዲዶ መምህር ስለሚያስፈልግ ወደዚያ እንዲዛወር ተነገረው። ደመወዙም ማዕረጉም እንዳለ ነው። እዚያ ሲቪክስ አልነበረም፤ ለትንንሽ ልጆች ፊደል እንዲያስተምር ነው የተመደበው። ይርጋጨፌ ሄጄ ሸኘሁት። ያን ጊዜም መንገዱ በሞተር ሳይክል ነበር። ነጂውን በሁለት እጁ አቅፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሄደ።

ምሕረት በሕይወት ተመለሰች። ጦሩ በወጣበት ወቅት ነው። የቡና ለቀማው እያለቀ ሳለ ልጠይቃቸው ኢዲዶ ወጣሁ። ቀይ እሸት ቡና በየደጁ፣ በየማድረቂያው አልጋ ላይ ተሰጥቷል። ጋሽ በራሶ ወፍሯል፤ ሲስቅ አየሁት። ምሕረት እንደ አባቷ ረጅም ናት፤ ብዙ አትናገርም። ምሳ እየበላን አባቷ፣ የዚያ አገር ሰዎች ሲያዩዋችሁ ምን ይሉ ነበር ብሎ ጠየቃት። እንደሚያመሰግኗቸው ሊሰማ ፈልጎ እንደነበር ከፊቱ ያስታውቅ ነበር።

«ምንም አይሉም» አለች። «ስንመጣ በር ይዘጋሉ። መጀመሪያ ልጆቹን ያስገባሉ፣ ከዚያ በሩን ይዘጋሉ። አንድ ቀን በሽተኛ አለ ተብለን አንድ ቤት ገባን፤ ሰው የለም። በጓሮ በር ሸሽተው ወጥተዋል። ሻይ በስኒ ተቀድቶ ገና ይተን ነበር።»

ጋሽ በራሶ የያዘውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰው። ተነሥቶ ወጣ። ስከተለው ከማድረቂያው አልጋ አጠገብ ቆሞ ቡናውን በመዳፉ እያገላበጠ ነበር። ዓመታት ሙሉ ጦሩ ቢወጣ ማን እንደሚፈራ ብቻ ሲያስብ እንደኖረ፣ ሲቆይ የሚፈራው ማን እንደሆነ ግን አንድ ቀን እንኳን እንዳልጠየቀ ነገረኝ። እኔም፣ ታዲያ አሁን ይውጣ ትላለህ አልኩት።

«አላውቅም» አለ። «ያ ድስት እንዳይደገም ነበር ይቆይ የምለው። አሁን የሻይ ስኒ አመጣችልኝ።»

ከዚያ ወዲህ ይቆይም ይውጣም ሲል አልሰማሁትም። ዓመታት አለፉ፣ እኔ ሐዋሳ ተዛወርኩ፤ ጦራችን በሰላም አስከባሪነት ተመልሶ ሲገባ ምሕረትም ተመልሳ ሄደች። ሲነግረኝ እንደገና «አንተ» አለኝ፤ ቅሪ ግን አላላትም።

ቀብሩ ላይ ኢዲዶ በሰው ተሞልታ ነበር። ፊደል ያስቆጠራቸው ልጆች በመዘምራን ልብስ ዘመሩለት። መስፍንም ዝናሽም መጥተዋል። ምሕረት በፈቃድ መጥታ ነበር፤ በመጨረሻው ሳምንት አልጋው አጠገብ ደርሳለታለች። ፈርቶ እንደሆነ ጠየቅኳት። ሁሉንም ነገር እንደፈራ፣ መርፌውንም ጨለማውንም፣ ሞትን ግን ከእነዚህ አብልጦ እንዳልፈራ ነገረችኝ።

ከቀብር በኋላ ባለው ሳምንት ወደ ሥራዋ ስትመለስ ልሸኛት እስከ ይርጋጨፌ አብረን ወረድን። አውቶቡሱ እስኪሞላ ድረስ መናኸሪያው አጠገብ ቆመን እያለ አንድ ነገር ነገረችኝ። ካምፓቸው አጠገብ የምትኖር አንዲት አሮጊት አለች። እንደ ሌሎቹ በር ስትዘጋ ኖራ፣ አንድ ቀን ምሕረት ለብቻዋ ስታልፍ በሩን ከፈተችና በአስተርጓሚ በኩል መቼ ነው የምትሄዱት ብላ ጠየቀቻት። ምሕረት አላውቅም አለቻት። አሮጊቷ፣ መኖራችሁ ያስፈራኛል፣ ስትሄዱ የሚመጣውም ያስፈራኛል፣ ስለዚህ ስትሄዱ አስቀድመሽ ንገሪኝ አለቻት።

«ለአባቴ ነገርኩት» አለችኝ ምሕረት። «ከመሞቱ ከቀናት በፊት ነው። ስሟን ጠየቅሽ ወይ አለኝ። አልጠየቅኩም ነበር። ስትመለሺ ጠይቂያት አለኝ።»

ረዳቱ ጠራት። ሻንጣዋን አንሥታ ገባች፤ በመስኮቱ በኩል አየኋት፤ በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ትታ ወደ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። አውቶቡሱ ተነሥቶ የዲላን መንገድ ያዘ።